ሮሪሳን ዳግመኛ ወደ አሰብ አልልክም

አቃቂ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለመጻሕፍት ምርመራ ክፍል ሹም
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ «የማቅለሚያው ሰዎች» ከተባለው ልብ ወለዴ ተነጥሎ በመሥሪያ ቤቱ የተያዘው ሰባተኛ ምዕራፍ እስከ ዓርብ እንዲመለስልኝ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

አመልካች ያለምወርቅ ሳህሌ እባላለሁ። የአቃቂ ነዋሪ ስሆን የፋብሪካ ሠራተኞችን ከሥራ ሲወጡ ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። በዚህ ቦታ ስለ ጤናዎ ረዘም አድርጎ መጠየቅ ወግ ነው፤ ጤናዎን ከልቤ እመኛለሁ፤ ነገር ግን ቀኑ እየሮጠብኝ ስለሆነ ወደ ጉዳዬ ብገባ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ።

፩. ከላይ የተጠቀሰውን ልብ ወለድ በእጄ ጽፌ ለኅትመት ፈቃድ ያቀረብሁት ባለፈው ጥቅምት ነው። ከገና በፊት ተጠርቼ መርማሪው ፊት ቀረብሁ። ሰውየው በትሕትና አነጋግረውኛል፤ ወንበር ሰጥተውኛል፤ ጽሑፌንም ከዳር እስከ ዳር እንዳነበቡት ከጥያቄያቸው ለመረዳት ችያለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በእርሳቸው ላይ የቀረበ ክስ አይደለም። ሌሎቹ ምዕራፎች ተመልሰውልኛል። ሰባተኛው ግን «ጠብ ጫሪ» ስለሆነ ለተጨማሪ ማጣሪያ ይቆይ ተብሎ እዚያው ቀርቷል። በምትኩም አንድ ማሳሰቢያ ተያይዞልኛል፤ ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «ወጣቱ በወንዝ ከሚወሰድ ይልቅ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ወደ አሰብ ቢሄድ፣ ለእናቱም በየጊዜው ሰላምታ ቢልክ፣ ታሪኩ አንባቢን የሚያስደስት፣ ፋብሪካዎችንም የማያስነቅፍ ይሆናል።»

፪. ይህን እንዳነበብሁ ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሳልርቅ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ዘበኛው ደንግጦ ውኃ አመጣልኝ። አሰብ የሚል ቃል በመጽሐፌ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። መርማሪው ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ ሥራ ፈላጊ ሁሉ ወደዚያ ስለሚጎርፍ ይሆናል። ይህ ቃል ለምን እንዲህ እንዳደረገኝ እንዲረዱልኝ ግን፣ እርሳቸው ያን ዕለት ጠይቀውኝ በቅጡ ያልመለስሁትን ጥያቄ እዚህ መመለስ አለብኝ። «ይህን ነገር ከየት አመጣሽው? ስንት ደስ የሚል ነገር ሞልቶ ሳለ ሰው የሚከራከርበትን ለምን ትመርጫለሽ?» ነበር ያሉኝ። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንምና ለማሳጠር እሞክራለሁ።

፫. ሮሪሳ መገርሳ የሚባል ልጅ ነበረ። አባቱ አቶ መገርሳ በቂሊንጦ በኩል የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ እናቱ እማማ ዳሲቱ ዛሬም በሕይወት አሉ። ሮሪሳ ወንዝ ዳር በነበረ አንድ የክር ማቅለሚያ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ከሥራ ሲወጣ እኔ ዘንድ ፊደል ይቆጥራል። ክንዱ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነበረ፤ ቀለሙ በሳሙናም በአመድም አይለቅም። ሳቂታ ልጅ ነበር፤ ሲሳሳት እንኳ ቀድሞ የሚሥቀው እርሱ ነው።

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አቃቂ ወንዝ ሞልቶ ሳለ፣ ፋብሪካው ውኃ የሚስብበት የብረት ወንፊት በቅጠልና በጭቃ ተደፈነ። ክሩ ቀለም ውስጥ ተነክሮ ውኃ ይጠብቃል። ካቦው «አንድ ሰው ይግባና ያጽዳው» አለ። ሮሪሳ ዋና አውቃለሁ ብሎ ገባ። የነበሩት ሰዎች ሲገባ ይሥቅ እንደነበረ ይናገራሉ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ተረት ከዚያ ወዲህ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሬሳው አልተገኘም። ፋብሪካው «ሥራ ትቶ የጠፋ» ብሎ መዝግቦ ሌላ ሰው ቀጠረ።

፬. መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለክቡርነትዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛው ገና እህል ሳይቀምስ፣ በሩ ይንኳኳል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚያውቅ ሁሉ ፊቱን አስተካክሎ ዝም ይላል። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ስለሚራራ ነው፤ የእኛም ሰፈር ስሕተት የተጀመረው ከዚሁ ነው።

ሮሪሳ በተወሰደበት ሰሞን አባቱ በጽኑ ታመው ተኝተው ነበር። የዕድራችን ዳኛ አቶ ወልደሰንበት «ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ በዳሲቱ ላይ አንጭንም፤ እስቲ መገርሳ ይሻለው» አሉ። አቶ መገርሳ አልተሻላቸውም፤ በመስከረም ዐረፉ። የባሏ ዕንባ ሳይደርቅ የልጇን እንዴት እንንገራት ተባለ። አርባው ይውጣ ተባለ፤ አርባው ወጣ። ገናን ትዋል ተባለ። ጾም ገባ። ጾሙ ሲፈታ የሴት ልጃቸው ሠርግ ደረሰ፤ በሠርግ ቤት መርዶ አይገባም። በዚህ ሁሉ መካከል እማማ ዳሲቱ ያገኙትን ሰው እየያዙ «ልጄስ? ላባቱ ቀብር እንኳ ሳይመጣ?» ይላሉ። በመጨረሻ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ ዛሬም አልታወቀም፣ «አሰብ ወደብ ሥራ ገብቷል» አላቸው። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ተነፈሰ።

፭. ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሁላችን ሥራ ሆነ። አጥናፉ የሚባል ጎረቤታችን አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ነጂ ነው። ከመንገድ በገባ ቁጥር እማማ ዳሲቱን ደጁ ላይ ተቀምጠው ያገኛቸዋል። ባዶ እጁን እንዳይሆን «ሮሪሳ ላከልዎ» እያለ ተምር ይሰጣቸዋል። ረስቶ የመጣ እንደሆነ ከሰኪና ሱቅ ይወስዳል። ሰኪና ከስልጤ የመጣች ባለሱቅ፣ በጠባይዋ ቀጥ ያለች ሴት ናት። «እኔ ሞቶ ሳለ ደኅና ነው ብዬ አልናገርም፣ አላህ ይሰማኛል። ተምሩን ግን ውሰድ፤ የሚሰጥ እጅ ምን አጠፋ?» ብላዋለች።

ተምር ብቻውን ለእናት አይበቃም። ወሬ ይፈለጋል። አጥናፉ ሞተር እንጂ ወሬ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ሴትዮዋን ከማግኘቱ በፊት በጓሮ ዞሮ ወደ እኔ ይመጣና «እትዬ ያለም፣ ዛሬስ ምን እንበላቸው?» ይለኛል። እኔም እነግረዋለሁ።

መርማሪው ከየት አመጣሽው ያሉኝ እንግዲህ ከዚህ ነው። ልብ ወለድን የተማርሁት አጥናፉ ጓሮዬ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነው። ሮሪሳ የአሰብን ሙቀት እንዴት እንደቻለው፣ ዓሣ መብላት እንዴት እንደለመደ፣ ከአንድ የየመን ሰው ጋር ተጣልቶ እንዴት እንደታረቀ፣ ጢም ማብቀሉን፣ ሁሉንም የፈጠርሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እማማ ዳሲቱ በድንገት «ያ ሳሉስ ተወው?» ብለው ሲጠይቁ አጥናፉ ሳይዘጋጅ ተይዞ ተንተባተበ። እኔ ከጎን ሆኜ «የባሕር አየር ለሳል መድኃኒት ነው፤ ድራሹ ጠፍቷል» አልሁ። ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አመሰገኑ። በዚህ አላፍርም፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ምን ይባል እንደነበር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

፮. ሮሪሳ መምጣት ጀመረ።

ይህን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት መጻፍ እንደማያምርብኝ አውቃለሁ። ሆኖም ስለ ጽሑፌ መነሻ ተጠይቄ ይህን ብደብቅ መልሴ ጎደሎ ይሆናል። የሚመጣው በጨለማ አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ ነው። ተማሪዎቼ ሳይገቡ ሰሌዳውን ጠርጌ ዞር ስል ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሱሪው እስከ ጭኑ ርጥብ ነው። አይቆጣም፣ አያስፈራራም። «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ብዬ ላክሁ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። በጥሞና ይሰማኛል፤ ቀድሞ ፊደሉን ይደግም እንደነበረው ቃል በቃል ይደግመዋል። ከዚያ «እኔ ግን እዚህ ነኝ» ይልና አይታየኝም። ሄጄ ወንበሩን እዳስሳለሁ፤ ደረቅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ርጥብ ሆኖ ባገኘሁት ብዬ እመኛለሁ፤ ቢያንስ ዕብድ አለመሆኔን አውቅ ነበር።

ሳሪስ አቦ ሄጄ ጠበል ተጠምቄአለሁ። ነገሩን ለካህኑ ስነግራቸው ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ «ፍትሐት ተደርጎለታል?» ብለው ነው። አልተደረገለትም። እናቱ በሕይወት አለ ብላ ለምትጠብቀው ልጅ ማን ፍትሐት ያስደርጋል? ሙሾ አልወጣለትም፤ ድንኳን አልተተከለለትም፤ ስሙ ሲነሣ ነፍስ ይማር የሚል የለም፤ ሁሉም «ደኅና ነው አሉ» ይላል። ጠበሉም ከሮሪሳ አላስጣለኝም፤ ውኃ የለመደ ልጅ ነው።

፯. ሰባተኛውን ምዕራፍ የጻፍሁት «እኔ ግን እዚህ ነኝ» ብሎኝ ከሄደባቸው ቀናት በአንዱ ነው። ትምህርቱን ዘግቼ፣ ቀና ሳልል፣ በተቀመጥሁበት ጨረስሁት። በምዕራፉ ውስጥ ልጁ ወንዝ ይገባል፤ አይወጣም። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች የእናቱን በር ያንኳኳሉ። ይነግሯታል። ትወድቃለች፤ ያነሷታል፤ ሰፈሩ አብሯት ያለቅሳል። ሌላ ነገር የለበትም። እውነተኛዋን እናት አልነገርናትም፤ በልብ ወለዱ ያለችውን ነገርናት። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ጠብ ጫሪ ያለው ይህንኑ ነው።

፰. ሰው ስለሚከራከርበት ነገር አጻጻፍ ያለኝን አሳብም ልግለጥ፤ ተጠይቄአለሁና።

ክርክር ፈልጌ ከቤቴ አልወጣሁም። የፋብሪካውን ስም በመጽሐፌ አልጠራሁም፤ ባለቤቱንም ጨካኝ አላደረግሁም። ካቦውን ክፉ ሰው አድርጎ መጻፍ በጣም ቀላል ነበር፤ አንባቢም ይወድልኝ ነበር፤ ሰው የሚጠላው ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ነገር ግን እውነተኛው ካቦ ያን ዕለት ጫማውን አውልቆ እስከ ወገቡ ገብቶ የልጁን ስም እየጠራ የጮኸ ሰው ነው። ይህን ባልጽፍ በእርሱ ላይ ዋሽቼበት ነበር። ወንፊቱን ያለ ገመድ እንዲያጸዱ ያዘዘ ሥርዐት እንዳለ ግን ጽፌአለሁ፤ ገመድ አልነበረምና። መርማሪው እዚህ ላይ በቀይ እርሳስ እንዳሰመሩበት ፊታቸው በቀረብሁ ዕለት አይቻለሁ። ገመዱን ጨምሪ ቢሉኝ ልጁ ይድናል፤ ልጁ ግን አልዳነም።

ከሁሉም የከበደውን ጥፋት የጣልሁት በፋብሪካው ላይ አይደለም። በኛው በደግ ሰዎቹ ላይ ነው። ስለዚህ ምዕራፉን ወደ እርስዎ ከመላኬ በፊት ለአቶ ወልደሰንበት አነበብሁላቸው። በታሪኩ ያለው ሽማግሌ እርሳቸውን ይመስላል፤ በሰው ቤት የሚገባ ሰው ደጅ ቆሞ ማንኳኳት አለበት ብዬ ነው። «ተይው» ቢሉኝ እቀድደው ነበር። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ካበቃሁ በኋላ «እንዲህ ነበር ማድረግ የነበረብን» አሉ፤ ነጠላቸውንም ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ደስ የሚል ነገር ጻፊ ለተባልሁት ደግሞ፣ ደስ የሚል ነገር መፍጠር እችልበታለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ለአንዲት እናት እንዲህ ያለ ታሪክ ስፈጥር ኖሬአለሁ፤ ደስታዋም አልተጓደለባትም። ያ ደስታ የት እንዳደረሳት ከዚህ ቀጥሎ ይመልከቱልኝ።

፱. እማማ ዳሲቱ ወደ አሰብ ሊሄዱ ተነሥተዋል። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ አልመጣ ካለኝ እኔ እሄዳለሁ። ዓይኔ ሳይጠፋ አንድ ቀን ልየው» ይላሉ። አጥናፉ እስከ ዛሬ ሙቀቱንና መንገዱን፣ ሽፍታውንም እያነሣ ሲያስቀራቸው ኖሯል። ዘንድሮ ግን «አንተ ካልወሰድኸኝ ሌላ ሾፌር እለምናለሁ» ብለውታል፤ እንደሚያደርጉትም እናውቃለን። ጥምቀትን ይዋሉ ብለን አቆየናቸው፤ ጥምቀት አለፈ። መኪናው ሰኞ ጥር ፲፱ ቀን ይነሣል። ስድሳውን ያለፉ፣ ከቢሾፍቱ ወዲያ ዘልቀው የማያውቁ ሴት በዚያ በረሃ አልፈው ወደቡ ላይ ቆመው ልጄን አያችሁ ወይ እያሉ ሲጠይቁ ይታየኛል። እርሳቸውም ለወደቡ ሰዎች ስለ ጢሙ ይነግሯቸዋል። ከየመኑ ሰው ጋር ስለ መታረቁም ይነግሯቸዋል።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መርዶው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እንዲነገር ቆርጠዋል። ማን ይንገር ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አየ። ይህን ያህል ዘመን «ደኅና ነው» ያለ አፍ በምን ጉልበቱ «ሞቷል» ይበል? በመጨረሻ አቶ ወልደሰንበት ወደ እኔ ዞረው «ያለምወርቅ፣ በአፍሽ ያኖርሽውን ልጅ በጽሑፍሽ ቅበሪው። ያችን ያነበብሽልኝን አንብቢላት፤ እኛ ከኋላሽ እንቆማለን» አሉ። ሁሉም ተስማማ። ቄሱም ለፍትሐቱ ተነግሯቸዋል። የሚነበበው ወረቀት ግን በእርስዎ ዘንድ ነው።

፲. የምዕራፉ ቅጂ የለኝም። እንደገና ልጽፈው ተቀምጬ ነበር፤ አልሞትልኝ አለ። ወንዝ አስገባዋለሁ፤ በወዲያኛው ዳር ይወጣል። ሸሚዙን ይጨምቃል፤ በረደኝ ይላል፤ ደረቅ ልብስ ይለምነኛል፤ እጄም ሳላዘው ይሰጠዋል። ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና እጀምራለሁ፤ እንደገና ይወጣል። የመርማሪው ማሳሰቢያ ደግሞ ከጎኔ ነው፤ ወደ አሰብ ቢሄድ ይላል። ለእኔ ምን ያህል ቀላል ምክር እንደሆነ እርሳቸው አያውቁም። አልቀበለውም። ሮሪሳን ዳግመኛ ወደ አሰብ አልልክም።

ስለዚህ የምለምነው፣

ሀ) ሰባተኛው ምዕራፍ እስከ ዓርብ ጥር ፲፮ ቀን፣ ቢሮ ሳይዘጋ፣ እንዲመለስልኝ ነው። ዓርብ ከጧት ጀምሮ ከበሩ አጠገብ እገኛለሁ፤ ዘበኛው ያውቀኛል።

ለ) ይህ የማይቻል ቢሆን፣ ወረቀቱ ከመሥሪያ ቤቱ ሳይወጣ፣ ሰው አጠገቤ ቆሞም ቢሆን፣ እንድገለብጠው እንዲፈቀድልኝ ነው። መገልበጥ አያቅተኝም።

ስለ ኅትመቱ ፈቃድ ዛሬ አልከራከርም። ሌላ ቀን መጥቼ እከራከራለሁ፤ እንደማልተወውም ከወዲሁ ይወቁልኝ።

፲፩. ይህን ሁሉ አንብበው «ታዲያ ያለ ወረቀት በአፏ አትነግራቸውም?» ይሉ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔም ራሴን ስጠይቅ ሰንብቻለሁ።

ትናንት እማማ ዳሲቱ ቤቴ መጡ። ለመንገድ ያዘጋጁትን ጭኮ ሊያሳዩኝ ነው፤ ገብሱን ራሳቸው ፈጭተው በቅቤ ለውሰውታል፤ ልጁ ከሕፃንነቱ ይወደው ነበር አሉኝ። ከሥሩ አዲስ ሸሚዝ አጥፈው ይዘዋል። ልብስ ሰፊው ዘንድ ሊወስዱት ነው፤ ልኩን ግን አያውቁም። ሸሚዙን ጭኔ ላይ ዘረጉትና «አንቺ ወሬውን ሁሉ ትሰሚያለሽ። ስንት ዘመን ሆነው፤ ልጄ ከስቷል ወይስ ወፍሯል? እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። ከሁለታችን በቀር በቤቱ ማንም አልነበረም። በሩ ተዘግቷል። የምነግራቸው አሁን ነው ብዬ እጃቸውን ያዝሁ፤ አፌንም ከፈትሁ፤ ልነግራቸው እንደነበር እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።

«ወፍሯል» አልኋቸው፤ «ጎኑን ትንሽ ለቀቅ ያድርጉት።»

ውሳኔዎን በደጅዎ ሆኜ የምጠብቅ፣
ከሰላምታና ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

(ፊርማ)
ያለምወርቅ ሳህሌ
አቃቂ